ዝቅ አድርገሽ ጀምሪው

ጥቅምት 30

እታለም፣

በአውቶቡሱ ሹፌር በኩል የላክሽው ጥያቄ ከነቁጣው ደርሶኛል። እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ «ስልኳን ምን በላው ብላሻለች!» ሲል ቁርጥ አንቺን መሰለ። የግቢው ጥበቃ ሳይቀር ሳቀ። እኔም በሆዴ ሳቅሁ።

ስልኬ ውሃ ገባበት። ልብስ ሳጥብ ከኪሴ ሾልኮ ባልዲ ውስጥ ወደቀ፣ በቃ፣ አለቀለት። እኔ ግን ደህና ነኝ። ለጊዜው በደብዳቤ ቻይኝ። ከጓደኞችሽ ስልክ መልእክት ጻፊልኝ እንዳትዪ፣ «ጉንዳን የሚያህል ፊደል አላነብም» ብለሽ የማልሽው አንቺው ነሽ።

ስለ ትምህርቱ ለጠየቅሽኝ፣ ዘንድሮ አራተኛ ዓመት ስለሆንን ንድፈ ሐሳቡ አልቋል። የሙዚቃ መምህር የሚያደርገን የቀረን ነገር የማስተማር ልምምድ ብቻ ነው። ከዩኒቨርሲቲው አሥር ደቂቃ በእግር የሚያስኬድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መድበውኛል፤ አራተኛ «ለ»፣ አርባ ሦስት ልጆች። ታኅሣሥ 22 ገምጋሚያችን መጥተው ከኋላ ወንበር ይቀመጣሉ። ተማሪው ሁሉ «ሜትሮኖም» ነው የሚላቸው፤ ምት የሚቆጥረው መሣሪያ ስም ነው፣ ሲራመዱ እንኳ እርምጃቸው አይዛነፍም። እሳቸው ካለፍሽ ካሉኝ አስተማሪ ነኝ። ካላሉኝ ደግሞ ድጋሚ የሚባል ነገር የለም። ግን አታስቢ፣ ደህና ነኝ።

ልጆቹ ደስ ይላሉ። ስለ ዝናብ የሚያወራ አጭር መዝሙር እያስጠናኋቸው ነው። አንዲት ልጅ ብቻ አስቸግራኝ ነበር። መስኮቱ ሥር ነው የምትቀመጠው፣ ድምፅዋ ጎርናና ነው፣ ዜማው ሽቅብ ሲወጣ እሷ ታች ትቀራለች። የሁሉንም ታበላሽብኛለች። እኔም «አንቺ አፍሽን ብቻ አንቀሳቅሺ» አልኳትና ነገሩ በአንድ ቀን ተስተካከለ። እንዴት ያለ ዘዴ ነው! ዝማሬው አሁን ውሃ የመሰለ ነው። ትንሽ ኮራ ብያለሁ፣ አልዋሽሽም።

በይ፣ ስለ እኔ ሐሳብ አይግባሽ። ደህና ነኝ። እውነቴን ነው፣ ደህና ነኝ።

ራዲዮሽ

—

ኅዳር 6

አንቺ ራዲዮ፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «ደህና ነኝ» የሚለውን ቆጠርኩ፤ አራት ነው። ከስድስት ዓመትሽ ጀምሮ፣ እናትሽ እህቴ ካረፈች ጀምሮ፣ ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ። ደህና ስትሆኚ ደህና መሆንሽን ነግረሽኝ አታውቂም። ደህና ስትሆኚ የምትነግሪኝ ስለ ሌላው ሰው ሁሉ ነው፤ ማን ማንን እንዳኮረፈ፣ የማን ጫማ እንደተቀደደ። ጆሮዬ እስኪግል ታወሪኛለሽ። ራዲዮ ብዬ ስም ያወጣሁልሽ ለቁልምጫ መሰለሽ? መዝጊያው ጠፍቶብኝ ነው!

ደግሞስ አንድ ግቢ ሙሉ ተማሪ ስልክ የለውም? አምስት ደቂቃ የሚያውስሽ ሰው ጠፋ? ወንድ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ወንድ ከሆነ ንገሪኝ፣ አልቆጣም። ትንሽ ብቻ ነው የምቆጣው።

ስልክ ልኬልሻለሁ። ሹፌሩ ላይ እምነት ስለሌለኝ በቀሚስ ቁራጭ ጠቅልዬ፣ ዙሪያውን በእጄ ሰፍቼዋለሁ። ጨርቁ ተቀዶ እንዳይበላሽ በመቀስ ጫፍ ቀስ አድርገሽ ፍቺው። ቁጥሩን ይዤዋለሁ። እሑድ በአራት ሰዓት እደውላለሁ፣ ታነሺያለሽ።

እዚህ የተለወጠ ነገር የለም። በስፌት ቤቴ ሃያ ሁለቱም ማሽኖች ይሠራሉ፣ የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ ትእዛዝ ገና አላለቀም፣ ሰማያዊ ክር በሕልሜ እየመጣ ነው። ሁለት አዲስ ልጆች ቀጥሬአለሁ። አንደኛዋ ማሽኑን እንደ ውሻ ትፈራዋለች።

ያቺን የመስኮቷን ልጅ ነገር ግን አልወደድኩትም። አፍሽን ብቻ አንቀሳቅሺ አልኳት አልሽኝ አይደል? ለምን እንዳልወደድኩት ሌላ ቀን እነግርሻለሁ። ዛሬ ብጽፈው ንዴቴ ክፉ ቃል ያስወጣኛል።

እታለም

—

ኅዳር 14

እታለም፣

ይቅር በይኝ። ከሰላምታ በፊት ይቅር በይኝ።

እሑድ ደወልሽ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ እየተንቀጠቀጠ ቁጭ ብዬ አየሁት፣ ሊዘጋ ሲል አነሳሁት። «ሄሎ» አልሽ። «ራዲዮ?» አልሽ። ቀጥሎ ስሜን ጠራሽ፣ ስሜን ከጠራሽኝ ስንት ዓመትሽ ነው! አልመለስኩልሽም። በጥፍሬ ስልኩን መታ መታ አደረግኩልሽ፤ ሌላ ምንም አልመጣልኝም። ምን እንዳሰብሽ አላውቅም። አንቺም ስልኩን ሳትዘጊ ብዙ ቆየሽ።

ስልኬ ባልዲ ውስጥ አልወደቀም። ድምፄ ነው የወደቀው።

ከጥቅምት መግቢያ ጀምሮ ይሻክረኝ ነበር። ብርድ ነው ብዬ ናቅሁት። የአርባ ሦስት ልጅ ድምፅ ላይ ለመድረስ በየቀኑ ከነሱ በላይ ጮኼ እዘምር ነበር። አንድ ቀን ጠዋት አፌን ስከፍት አየር ብቻ ወጣ። ሐኪሙ በቀጭን መሣሪያ ጉሮሮዬን አይቶ የስንዴ ቅንጣት የምታክል እብጠት አገኘ። ሁለት ወር ሙሉ ዝምታ አዘዘብኝ። በሹክሹክታም ቢሆን አይፈቀድም፣ እንዲያውም ሹክሹክታ ይብሳል አለኝ። ከተናገርኩ የሚወጣው በቀዶ ጥገና ነው፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚተርፈኝ ማንም ቃል አይገባልኝም።

ሁለቱ ወር የሚያልቀው ታኅሣሥ 28 ነው። ግምገማው ታኅሣሥ 22። ስድስት ቀን፣ እታለም! በስድስት ቀን ነው የተቀደምኩት።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ክፉ ሰው አይደለችም። የሐኪሙን ወረቀት ተቀብላኝ ከንፈሯን መጠጠችና አንድ ቅጽ ሰጠችኝ። ወደ ቤተ መጻሕፍት ትምህርት መዛወሪያ ነው። የወሰድኳቸውን ኮርሶች ግማሹን ይይዙልኛል። እስከ ኅዳር 25 ካልፈረምኩ ይህም ያመልጠኛል፤ ግምገማው ላይ ብወድቅ ባዶ እጄን ነው የምመለሰው። ቅጹ አሁን እዚህ ጠረጴዛ ላይ፣ አንቺ በላክሽው የቀሚስ ቁራጭ ሥር አለ። እንዳላየው ሸፍኜዋለሁ።

የማይዘምር የሙዚቃ አስተማሪ ምን ይባላል? ልፈርም ወይ? አንቺ ያልሽኝን አደርጋለሁ።

ልጅሽ

—

ኅዳር 18

ራዲዮ፣

ደሜ ፈልቷል፣ አስቀድሜ ልንገርሽ። ስለታመምሽ አይደለም፣ ስለዋሸሽኝ ነው። ባልዲ! እኔ ስለዚያ ባልዲ አዝኜ የሰው ሳሙና ስትበደሪ እየታየኝ ነበር እኮ። ዳግመኛ እንዳይለምድሽ። አሁን ተቆጥቼ ጨርሻለሁ።

እሑድ መታ መታ ስታደርጊ ወዲያው አወቅኩሽ። በሕይወት እንዳለሽ፣ ከጎንሽም ክፉ ሰው እንደሌለ አወቅኩ። ለዚያ ነው ያልዘጋሁት። ከዚያ በላይ የሚሰማ ነገር ስለሌለ ትንፋሽሽን ሰማሁ።

አሁን ለጥያቄሽ። የማይዘምር የሙዚቃ አስተማሪ ምን ይባላል ብለሽኛል። እኔስ ምን እባላለሁ? ሃያ ሁለት ማሽን በአንዴ ሲነሳ ገብተሽ ታውቂያለሽ፣ የራስሽን ሐሳብ እንኳ አትሰሚም። በዚያ ቤት ውስጥ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰባ የሚሆኑ ልጆች አስተምሬአለሁ፣ አንዷንም በአፌ አላስተማርኩም። የመለኪያ እንጨቴን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደርጋለሁ። ልጅቷ በጆሮዋ አትሰማውም፣ በክርኗ ነው የምትሰማው። ስትፈጥን ትከሻዋን ጫን አደርጋለሁ። ስትፈራ ከጎኗ ቆሜ እጄን አነሳለሁ፣ እስክትጀምር አልንቀሳቀስም። ስታበላሽ ሥራዋን አዙሬ አሳያታለሁ። አሁን ሰባቱ የራሳቸው ስፌት ቤት አላቸው። አፍ ለሐሜት ነው የሚጠቅመው፣ ለሥራ እጅ ይበቃል።

ቀጥሎ ደግሞ የማልነግርሽን ልንገርሽ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የትምህርት መዝጊያ ቀን እንድንዘምር ተመርጠን ሁለት ሳምንት ተለማመድን። እናቴ ነጭ ካልሲ ገዛችልኝ። ልክ ልንወጣ ስንል አስተማሪያችን ጎንበስ ብሎ፣ ሰው እንዳይሰማ፣ «አንቺ አፍሽን ብቻ አንቀሳቅሺ» አለኝ። ክፉ አልነበረም፣ ፈገግ ብሎ ነው ያለኝ። አንቀሳቀስኩ። እናቴ ከሕዝቡ መሐል ስታጨበጭብልኝ አየኋት፣ ያላወጣሁትን ድምፅ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ዘምሬ አላውቅም። ብቻዬን ስሆን እንኳ አላንጎራጉርም። አንቺን ተቀብዬ የመጣሁ ሌሊት አልተኛ ብለሽ ስታለቅሺ፣ ሌላ ሴት ብትሆን እሹሩሩ ትልሽ ነበር። እኔ ጀርባሽን መታ መታ አደረግኩልሽ፣ እስክትተኚ። በየቀኑ እንደዚያ ነበር ያስተኛሁሽ። ሰው የሙዚቃ ነገር ከማን ወረሰች ሲለኝ ዝም የምለው ለዚህ ነው።

እና ቅጹን አትፈርሚ ልልሽ አልችልም፣ ሕይወቱ ያንቺ ነው። እኔን ከጠየቅሽኝ ግን መጀመሪያ ወደ መስኮቷ ልጅ ሂጂ። ያልሻትን አንሺላት። ከዚያ በኋላ ብትፈርሚም አትፈርሚም ልጄ ነሽ።

እታለም

—

ታኅሣሥ 6

እታለም፣

ቅጹን አልፈረምኩም። ኅዳር 25 አለፈ። ሳልናገር ልገመገም ብዬ በጽሑፍ ብጠይቃት የትምህርት ክፍል ኃላፊዋ ደንቡን ገልጣ ፈለገች፣ አስተማሪ መናገር አለበት የሚል አንቀጽ አጣች። «ግን የድምፅ ምሳሌ ለመስጠት የተያዘው ሃያ ነጥብ ባዶ ይሆንብሻል» አለችኝ። ራሴን በእሺታ ነቀነቅኩ።

ደብዳቤሽን አንብቤ ማልቀስ ብቻ አይደለም፣ አፈርኩ። «እንዴት ያለ ዘዴ ነው!» ብዬ ለማን እንደጻፍኩ አሁን ነው የገባኝ።

ዝም ብዬ የገባሁበት የመጀመሪያው ቀን እንዴት ነበር ብትዪኝ፣ ጉድ ነበር! ሰሌዳው ላይ «ዛሬ እኔ አልናገርም፤ ድምፅ የናንተ ነው» ብዬ ጻፍኩ። መጀመሪያ ጨዋታ መስሏቸው አርባ ሦስቱም በሹክሹክታ ማውራት ጀመሩ፣ አንዱ ሊያስነጥስ ሲል ጓደኛው አፉን ያዘው። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አንዱ ወንበር ላይ ወጣ፣ ሁለቱ በደብተር ተማቱ። የጎረቤቷ ክፍል አስተማሪ በሩን ከፍታ «ይሄ ክፍል ሰው የለውም እንዴ?» አለች። እኔ ጠመኔ ይዤ ቆሜ!

መዝሙሩን አስጀመርኳቸው። እጄን ሳነሳ አንዱ የአንዱን አፍ ያያል። ጀመር አድርገው ይተዉታል። ያ ውሃ የመሰለው ዝማሬ የታል? ለካ ወሩን ሙሉ ስትዘምር የነበረችው እኔ ነኝ፤ እነሱ ከኋላዬ ይጎተቱ ነበር። ድምፄን ያሳጣኝም ይኸው ነው።

ስለዚህ ያንቺን መንገድ ያዝኩ። ከአናጺው ሠፈር የእንጨት ዘንግ ገዛሁ። ወንበሮቹን አጠጋግቼ ክርናቸውን ጠረጴዛው ላይ አስደግፌ መታ መታ አደረግኩ። በሦስተኛው ቀን ሁሉም በአንድ ምት ያጨበጭቡ ነበር። በሳምንቱ የጎረቤቷ አስተማሪ መጥታ «ምን ሰጥተሻቸው ነው?» አለችኝ።

የመስኮቷ ልጅ ግን... ስናገር አላያትም ነበር። ዝም ስል ነው ያየኋት። ከንፈሯ ከሁሉም በላይ በደንብ ይንቀሳቀሳል፣ አንድ ቃል አትስትም፣ ድምፅ የለም። እንዳልኳት እያደረገች ነው፣ ታማኝ ሆና። በወረቀት ጻፍኩላት፦ «ያን ቀን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ድምፅሽን እፈልገዋለሁ።» አነበበችው። በአራት አጠፈችው፣ ካልሲዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሳምንት ሆነ፣ አልዘመረችም።

እታለም፣ አንቺን ያኔ ምን ቢያደርጉልሽ ትዘምሪ ነበር?

ራዲዮሽ

—

ታኅሣሥ 11

ራዲዮ፣

ሥራ በዝቶብኛል፣ አሳጥራለሁ።

ምን ቢያደርጉልሽ ብለሽኛል። ይቅርታ አልነበረም የሚያስፈልገኝ። ይቅርታ ብጠየቅ ኖሮ ይበልጥ አፍር ነበር። ያስፈልገኝ የነበረው ሥራ ነው።

ማሽኑን እንደ ውሻ የምትፈራው ልጅ ትዝ አለችሽ? ከኋላ አስቀምጬ ሌሎቹን አይታ ትማር ብዬ ነበር፣ ባሰባት። ባለፈው ሳምንት ወደ ፊት አመጣኋትና የሁሉንም ልብስ የመጀመሪያ ስፌት ለእሷ ሰጠሁ። እሷ ሳትሰፋ ማንም ሥራ የለውም። ሃያ አንድ ሰው እጁን አጣምሮ ጠበቃት። ላብ በላብ ሆነች። ሰፋች። ትንሽ ጠመመ፣ ሌሎቹ የሷን መስመር ተከትለው ሲሰፉ ግን ቀሚሱ ቀሚስ ሆነ።

ማርና ሎሚ ልኬአለሁ። ሐኪሙ ይፈቅድ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቂው።

እታለም

—

ታኅሣሥ 23

እታለም፣

ትናንት ነበር።

ሜትሮኖም በሰዓታቸው መጡ፣ ከኋላ ወንበር ተቀመጡ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ልጆቹ ከኔ በላይ ፈርተዋል። በዘንጉ አረጋጋኋቸው። ዜማው ሲወጣና ሲወርድ የሚያሳየውን የእጅ ምልክት ሠሩ፣ ምቱን ሠሩ። ከዚያ መዝሙሩ ደረሰ።

ላስጀምር እጄን አነሳሁ። ወደ መስኮቷ ልጅ ነበር ያነሳሁት። ለሳምንት ያህል በየቀኑ እንደዚያ ሳደርግ ነበር፤ በየቀኑም እስከ ሃያ ድረስ በልቤ ቆጥሬ፣ ሳትጀምር ስትቀር እጄን ወደ ሌላ ልጅ አዞር ነበር። ትናንት ግን ቆጠራውን ተውኩት። ሳትጀምር ማንም አይጀምርም ብዬ ቆምኩ። ከኋላ የሜትሮኖም እስክሪብቶ ሲጽፍ ይሰማኛል። እጄ ዛለ። አለቀልኝ፣ በገዛ እጄ አበላሸሁት፣ ቅጹን መፈረም ነበረብኝ አልኩ። እጄን ግን አላወረድኩም።

ጀመረች።

ዝቅ ባለው፣ ጎርናና በሆነው ድምፅዋ። እኔ ከምጀምረው በጣም ዝቅ ብሎ። ሌሎቹ ተከተሏት። እና ምን ሆነ መሰለሽ? ዜማው ሽቅብ የሚወጣበት ቦታ ሲደርስ ማንም አልጮኸ፣ ማንም አንገቱን አልገተረ፣ አንድም ልጅ ታች አልቀረም። ሁሉም ደረሱበት! ያቺ ልጅ ዜማ አልሳተችም ነበር፣ እታለም። እኔ ነኝ በራሴ ቀጭን ድምፅ ልክ ሽቅብ አንጠልጥዬ የምጀምረው። አራት ዓመት ተምሬ፣ የልጆች ድምፅ እስከ የት ይደርሳል የሚለውን ፈተና ደፍኜ፣ ክፍል ስገባ ከኔ ጉሮሮ በቀር ሌላ መለኪያ አልያዝኩም ነበር። ያንቺም አስተማሪ እንደዚያው ሳይሆን አይቀርም። ምናልባት አንድ እርከን ዝቅ ቢያደርገው ኖሮ ይበቃሽ ነበር።

እስክሪብቶው ቆመ። ሁለተኛውን ግጥም ተሳስተው ሳቁ፣ ደገሙት።

ሲያልቅ ሜትሮኖም ወደ ፊት መጡ። «ድምፁን ማን ነው የሰጣቸው?» አሉ። እኔ ወደ ልጅቷ ጠቆምኩ። እሷ ወደኔ ጠቆመች። እሳቸው ሁለታችንንም አዩና ባርኔጣቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ደፉ፣ የሰጡኝን ነጥቦች ጮክ ብለው አነበቡልኝ። የድምፅ ምሳሌ፣ ባዶ። የቀረው ከሰማንያ ሰባ አንድ። ማለፊያው ስልሳ አምስት ነው።

አስተማሪ ነኝ። አስተማሪ ነኝ፣ እታለም!

ሐሙስ ሐኪሙ ጋ ነኝ። ከፈቀደልኝ የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ላንቺ አስቀምጫለሁ። እሑድ በአራት ሰዓት ስልኩን አጠገብሽ አድርጊ።

ራዲዮሽ

—

ጥር 2

ራዲዮዬ፣

ትናንት መስመሩ የተቋረጠ መስሎሽ «እታለም? አለሽ?» እያልሽ ስትጠሪኝ ነበር። ነበርኩ። አምስት ደቂቃሽን ሙሉ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌው ነበር። አፌን ስከፍት እንባዬ ይቀድመኛል። ስለዋሸሽኝ የተቆጣሁሽ ሴትዮ በተራዬ ዝም አልኩብሽ፣ ይቅር በይኝ።

ድምፅሽ ጎርነን ብሏል። ሐኪሙ ቀጭኑ ላይመለስ ይችላል አለኝ ስትዪኝ ሰምቻለሁ። ብዙም አላዘንኩም ብትዪኝም፣ ስትነግሪኝ ድምፅሽ ትንሽ ተሰበረ። አልቅሺለት፣ ያንቺ ነበር። እኔ ግን አሁን ያለውን ወድጄዋለሁ። የእናትሽ ነው።

አስተማሪ ሆንሽ! ዛሬ ጠዋት ማሽኑን ሁሉ አስቁሜ ነገርኳቸው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሥራ ሰዓት ማሽን አስቁሜ አላውቅም። የሆነ ሰው የሞተ መስሏቸው ደነገጡ። ቀጥለው ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱልሽ፣ ሃያ ሁለቱም።

ከዚያ ማሽኖቹ ሲነሱና ማንም ማንንም መስማት ሲያቅተው፣ መስኮቱ ጋ ሄጄ አፌን ከፈትኩ። ያንን በዘጠኝ ዓመቴ ያልዘመርኩትን መዝሙር ነው። አንድም ቃል አልጠፋኝም፣ ለካ አፌን ሳንቀሳቅስ አጥንቼው ኖሯል። የሰማኝ ሰው የለም። ያቺ ፈሪዋ ልጅ ግን ከንፈሬን አይታ ፈገግ አለች።

የፊታችን እሑድ ደዋይዋ እኔ ነኝ። ሰላምታም አትስጪኝ፣ ጉሮሮሽን ቆጥበሽ ዝም ብለሽ ስሚ። ዝቅ አድርጌ እጀምረዋለሁ። ከፈጠንኩብሽ ስልኩን መታ መታ አድርጊልኝ።

እታለም